ሃልቨርን እንዴት እንደ ሠራሁት

ለእትዬ፣

ሰላምታዬ ይህን ሁሉ በረዶ አልፎ በደህና ይድረስሽ። እንደምን ከረምሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይ? ለገና በላክሽልኝ ካርድ ጀርባ «ወገቤን እያመመኝ ነው» ከሚለው በቀር ምንም ስላልነበረበት፣ ሁለት ወር ሙሉ ስለ ወገብሽ ሳስብ ከረምኩ። የአሪዞና ፀሐይ ለአጥንት ጥሩ ነው ይላሉ፤ እውነት ያድርገው። እኔ ከዚህ ደብዳቤ በቀር ደህና ነኝ። አሁንም የሰው ጥርስ አጸዳለሁ፣ አሁንም ብቻዬን እኖራለሁ። ሐይቁ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል፤ ወንዶቹ በላዩ ላይ ጎጇቸውን ተክለው፣ በረዶውን በስተው ዓሣ ሲጠብቁ ይውላሉ።

ስልኬን እንደማታነሺው አውቃለሁ፤ አልቀየምሽም። ይህን ግን እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ። የምለምንሽ ነገር አለኝ፣ ልመናውም ለራሴ ሳይሆን ለአንዲት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነው። እሷ ጋ ለመድረስ ግን መጀመሪያ ስለ አንድ ጨዋታ ላወራሽ ግድ ነው። በአርባ አራት ዓመቷ ጨዋታ ጀመረች ብለሽ ትስቂብኝ ይሆናል፤ ሳቂ።

ልጆች ሳለን ፓስተራችን የሰይጣን መግቢያ በር ነው ብሎ ያወገዘው፣ እማዬም የጎረቤቱን ልጅ መጽሐፍ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ደጅ የጣለችበት ጨዋታ ትዝ ይልሻል? እሱን ነው የምጫወተው። ዘንድሮ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዌንደል የሚባል ጡረተኛ ፖስተኛ ቤት፣ ምድር ቤቱ ውስጥ እንሰበሰባለን። ታሪኩን የሚመራልን እሱ ነው። እኛ ደግሞ እያንዳንዳችን አንድ ሰው እንፈጥራለን፤ ጉልበቱንና ብልሃቱን በነጥብ እያሰላን፣ ጠባዩን በወረቀት እያሰፈርን፣ በእሱ አፍ እንናገራለን። ነገሩ ሲያጠራጥር ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ፣ ቁጥር የተጻፈበት ጠጠር፣ እንጥላለን፤ ቁጥሩ ይፈርዳል። ሰይጣን እስካሁን አልመጣም። የመጣው ሌላ ነው።

አንድ ልማዳችንን ካልነገርኩሽ ቀሪው አይገባሽም። በጠረጴዛው መሐል ኤክስ የተጻፈባት ነጭ ካርድ አለች። በጨዋታው መካከል የሚነገረውን ነገር መስማት ያልቻለ ሰው እጁን በካርዷ ላይ ያሳርፋል። ታሪኩ እዚያው ይቆማል፣ የተባለውም እንዳልተባለ ይቆጠራል። ለምን ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው፤ ያኔም፣ በኋላም፣ ደጅ ላይም አይጠየቅም። ዌንደል በሌላው ሁሉ ቀልደኛ ነው፣ በዚህ ግን አይቀልድም።

እኔ ሁልጊዜ የምጫወተው ቁስለኛ የምታክም መነኩሲት ነበር። በጥር መጀመሪያ አዲስ ታሪክ ስንጀምር ዌንደል «በዚህኛው ሁላችሁም ያልሆናችሁትን ሁኑ» አለን። አይብ ፋብሪካ የምትሠራ፣ ሳቋ ከመንገድ የሚሰማ ዶሪን የምትባል ወዳጅ አለችኝ። «እንግዲያው አንቺ አስፈሪ ሁኚ፤ እስከ ዛሬ አንቺን የሚፈራ ጥርሱ የተበላ ሰው ብቻ ነው» አለችኝ። እልህ ያዘኝ። ቁመቱ በር የማያስገባው፣ ፊቱ በጠባሳ የተተለተለ፣ መጥረቢያ የተሸከመ ሰው ሠራሁ። እሁድ ሲደርስ ብድግ ብዬ ጠረጴዛውን እየደበደብኩ ጮህኩ። ዶሪን የምትጠጣው ለስላሳ በአፍንጫዋ ወጣ። «ምስኪን፣ አንጀቴን በላው። ሾርባ ስጡት» አለች። ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ።

ሰዉ ከሄደ በኋላ ዌንደል ወንበሮቹን እያጣጠፈ መከረኝ። «ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ሳድል ስንት ውሻ ጮኾብኛል መሰለሽ። የነከሰኝ ግን ዝም ያለው ነው። ይልቅ በሕይወትሽ ከልብ ያስፈራሽ ሰው ካለ እሱን አስቢና ምን ምን ያደርግ እንደነበር ጻፊ። ስሙን ለኔ አትንገሪኝ» አለኝ።

እቤት ገብቼ ካፖርቴን ሳላወልቅ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም፣ እትዬ። ሃልቨር ብዬ ስም አወጣሁለት፣ የአንድ ምሽግ የቁልፍ ሹም አደረግሁት። አጭርና ንጹሕ ሰው ነው፤ ጺሙን በየቀኑ ይላጫል። መሣሪያ አይዝም። ሳያንኳኳ አይገባም፣ አንኳኩቶ ግን መልስ አይጠብቅም። ሰውን በሙሉ ስሙ ይጠራል። ድምፁን አያነሣም። «እኔ አልተቆጣሁም» ይላል። «ማን ነው ቀድሞ የሚነግረኝ?» ይላል። ሲጨርስ ያመሰግናል። ጉልበቱን ዜሮ አድርጌ፣ ያለኝን ነጥብ ሁሉ ማስፈራራቱ ላይ አፈሰስኩት። አንዱን ነገር ብቻ አልጻፍኩትም፤ እጄ እምቢ አለኝ። የትኛውን እንደሆነ ሳልነግርሽ ታውቂዋለሽ።

በሚቀጥለው እሁድ ዶሪን ከፋብሪካው አንዲት ልጅ ይዛ መጣች። ሼልቢ ትባላለች፣ ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ ነው፣ ከሐይቁ ማዶ ነው የምትኖረው። የአይብ ጨው ጣቶቿን ሰነጣጥቋቸዋል። ፈጣን ልጅ ናት፤ ሰዓት ሳይሞላ ዶሪንን በራሷ ቀልድ ረታቻት። የመረጠችው ሰው በመስኮት የምትሾልክ፣ ማንም ይዟት የማያውቅ ሌባ ናት። በታሪኩ የምሽጉ ካርታ ጠፋና ሌባዋ ተጠረጠረች። ዌንደል ወደ እኔ ዞሮ «እንግዲህ የቁልፍ ሹሙ ይጠይቃት» አለ።

አልተነሣሁም፣ አልጮህኩም። የሌባዋን ሙሉ ስም ጠራሁ። አልተቆጣሁም አልኳት። ሳቁ አንድ በአንድ ጠፋ። ዳይሱን ጣልኩ፣ ሦስት ወጣ። በጨዋታው ሕግ ማንም አልፈራም ማለት ነው፤ ዶሪን ጭብጨባ ጀምራ ነበር። እኔ ግን አላቆምኩም። እጄ ራሱ ሄዶ የእጅ ሰዓቴን ፈታና ፊቱን ወደ ታች ደፍቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ያልጻፍኩት ይህን ነበር። አፌን ከመክፈቴ በፊት ሼልቢ ሰዓቱን እያየች፣ በዝግታ፣ «አሁን ጊዜ አለን» አለች።

ይህን ቃል ከእኔና ካንቺ በቀር የሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ሌሎቹ ልጅቷ ጥሩ ተጫወተች ብለው አደነቁ። እሷ እጇን ካርዷ ላይ አደረገች። ዌንደል «ካርዷ ተነክታለች፣ እናልፋለን» አለ፤ ዶሪን የኦቾሎኒ ቅቤ ኬኳን ከሣጥኑ አወጣች። እኔም እንደ ልማዱ አልጠየቅሁም። ጨዋነት መስሎኝ ኬክ በላሁ። ዝም አይነቅዝም ይላል ሰው፤ የእኔ ዝምታ ግን ከነቀዘ ስንት ዘመኑ ነው።

ስንበተን አንድ የጭነት መኪና ሊወስዳት መጣ። የምድር ቤቱ መስኮት ከመሬት እኩል ስለሆነ ከሰው የሚታየው እግሩ ብቻ ነው። ሁለት ቦት ጫማዎች ከመኪናው ወርደው፣ ዞረው፣ በሩን ከፈቱላትና ቆመው ጠበቁ። የግራው ጫማ፣ ልክ እንደምናውቀው፣ ወደ ውጭ ያመለክታል። እማዬ ዳኮታ ሄዷል ካለችኝ ሃያ ዓመት አልፏል፤ ለካ እንጀራ አባታችን ከዚህ የግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ነው ያለው።

በማግስቱ ዶሪንን ልጅቷ ከማን ጋር እንደምትኖር በዘዴ ጠየቅኋት። «ከእናቷና ከእናቷ ባል ጋር ነዋ። ሰውየውን ብታውቂው! በየቤቱ እየዞረ የአሮጊቶቹን ደረጃ በነጻ ይጠግናል። ታናሽ እህትም አላት፣ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ እሷማ ጭራው ናት፣ ከጎኑ ንቅንቅ አትልም» አለችኝ። አመስግኜ ስልኩን ዘጋሁ። ያን ቀን ሁለት በሽተኛ መለስኩ።

በሦስተኛው እሁድ ሼልቢ ስትመጣ እሱም ተከትሏት ደረጃውን ወረደ። ባርኔጣውን አውልቆ ሁሉንም ሰላም አለ። አርጅቷል፣ እትዬ። ትንሽ ሽማግሌ ሆኗል፤ ሽታው ግን ያው የጺም ሳሙናው ነው። ዶሪን «ይቀመጡ እንጂ፣ ስንጫወት ይመልከቱ» ብላ ወንበር ሳበችለት። እኔን እንደማያውቀኝ ሆኖ «ስምዎን ማን ልበል?» አለኝ። የመጀመሪያ ስሜን ብቻ ነገርኩት። እሱ ሙሉውን መልሶ ጠራው፣ የመካከለኛውን ጭምር። ከእኔ በቀር ማንም ልብ አላለም።

ቀጥሎ «ትንሿ ልጃችን ስለ እርስዎ ሃልቨር ነገረችኝ። ከእህቷ ማስታወሻ ላይ አንብባ ነው። እሷ የማትነግረኝ የለም» አለ። ሼልቢ ቀና አላለችም። ወረቀቱን ሊያይ ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። ለምን እንደ ሰጠሁት አትጠይቂኝ፤ እጄ ከልጅነቱ እንዲህ ለምዷል። መነጽሩን አድርጎ እስከ ታች አነበበውና አጥፎ መለሰልኝ። «ደህና አድርገው ሠርተውታል። ግን አንድ ነገር ጎድሎታል። እንዲህ ያለ ሰው ብቻውን አይሆንለትም። በቤቱ የሚሆነውን ሁሉ የምትነግረው አንዲት ትንሽ ልጅ ታስፈልገዋለች። ከልቧ የምትወደው» አለ።

ዶሪን «ወይ ጉድ፣ እኚህ ሰውዬ ከሁላችንም በለጡ! ጻፊው እንጂ» አለችኝ። እኔ እጄን ካርዷ ላይ አደረግሁ። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ነክቻት አላውቅም። እሱ ፈገግ ብሎ «ምነው፣ ምን አጠፋሁ?» አለ። ዌንደል አይጠየቅም አለው። «እኔ ግን ጠየቅሁ» አለ፣ ያንኑ ድምፁን ሳያነሣ። ዌንደል ከመቀመጫው ተነሥቶ «እዚህ ቤት አይጠየቅም» አለና ባርኔጣውን አቀበለው። እሱን ሰው እምቢ ሲለው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። አመሰገነና ወጣ፤ ሼልቢንም ይዟት ሄደ።

ጎደለው ያለውን አንቺ ገና አላወቅሽው ይሆናል፤ እኔ ግን ወዲያው ገባኝ። አሁን ሠላሳ ሦስት ዓመት የዋጥኩትን ልናገር። ማን ነው ቀድሞ የሚነግረኝ ሲል፣ ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ። ፍራሽሽ ሥር የደበቅሽውን ማስታወሻ የነገርኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ልጅ ጋር ጀልባ ማሰሪያው ላይ መታየትሽንም እኔ ነኝ። ስነግረው ፀጉሬን ይዳብሰኝ ነበር፤ አንቺን ወደ ጋራዡ ሲጠራሽ እኔ በቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ ብዬ ድምፁን ከፍ አደርገው ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆንሽ ለአስተማሪሽ ነገርሻትና ከካውንቲው የሕፃናት ጉዳይ ቢሮ አንዲት ሴት መጣች፤ እኔን ብቻዬን ወጥ ቤት አስቀምጣ ጠየቀችኝ። እሱ ምንም ብሎኝ አልነበረም። ሰዓቱንም አልፈታብኝም፣ አያስፈልገውም ነበር። «እህቴ ውሸታም ናት» ብዬ በእርሳስ ጻፍኩና ፈረምኩ።

አንቺ የካደችሽ እማዬ መሰለችሽ። በዚህ ቂም ቀብሯ ላይ እንኳ አልመጣሽም፤ እኔም በሣጥኗ አጠገብ ቆሜ ሰዎች አንቺን ሲያሙ ዝም አልኩ። እማዬን ማንም አልጠየቃትም ነበር። እኔን ነው የጠየቁት።

አንቺ በአውቶቡስ ከሄድሽ በኋላ ያ መኝታ ቤት የእኔ ብቻ ሆነ። በሩ ሲንኳኳ ከእኔ ጋር የሚሰማው ሰው አልነበረም። ስለዚያ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ከእሁዱ በኋላ ልማዱን ጣስኩ። በሥራ መውጫ ሰዓት ፋብሪካው ደጃፍ መኪና ማቆሚያ ላይ ጠብቄ ሼልቢን ጠየቅኋት። መጀመሪያ «አይጠየቅም ተብሎ የለ?» አለችኝ። እሱን አውቀዋለሁ፣ እሱ ነው ያሳደገኝ አልኳት። መኪናዬ ውስጥ ገብታ አንድ ሰዓት አወራች። ኮሌጅ ገብታ ነበር፣ ታናሿን ትታ መሄድ አቅቷት ቀረች። ታናሿ ግን ከእሷ ጋር ምግብ እንኳ አትበላም። «ብናገር መጀመሪያ የምትክደኝ እሷ ናት። ትወደዋለች እኮ» አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት።

አብረን ካውንቲው ቢሮ ሄድን። አንዲት ወጣት ሴት በትዕግሥት ሰማችንና ከመዝገብ ቤት የድሮውን ፋይል አስመጣች። የእኔ ወረቀት እዚያ አለ፣ እትዬ። እርሳሱን በጣም ስለተጫንኩት ጀርባው ሳይቀር ጎድጉዷል። «ያንቺ ጽሕፈት ነው?» አለችኝ። አዎ አልኩ። «እውነት ነው?» አለችኝ። አይደለም አልኩ። ብዕሯን አስቀምጣ እውነቱን ነገረችኝ። እኔ አንዴ ቃሌን ያጠፍኩ ምስክር ነኝ፤ የእሱ ጠበቃ በዚያ ወረቀት ብቻ ይጥለኛል። ክብደት ያለው የመጀመሪያዋ ሰው፣ ያኔ የተናገረችውና ያልተሰማችው ሰው ቃል ነው። ጉዳዩ ዳኛ ፊት የሚቀርበው ዛሬ ሁለት ሳምንት፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። ብትመጪ አየር ማረፊያ እቀበልሻለሁ፤ ልታይኝ ካልፈለግሽ ዌንደል ይቀበልሻል። መምጣቱ ከከበደሽ ጽፈሽ፣ በሕግ ፊት ፈርመሽ ላኪልኝ። የቢሮውን አድራሻ በሌላ ወረቀት ከዚሁ ጋር አድርጌዋለሁ።

እንድትሰጊልኝ ብዬ አይደለም፤ ግን ብደብቅሽ ያው የድሮዋ እኔ ነኝ። ቢሮ ከሄድን ጀምሮ አራት ጠዋት ሙሉ ስነሣ በደጄ ያለው በረዶ ተጠርጎ አገኘዋለሁ። ከደረጃው እስከ መንገዱ፣ ጠርዙ በገመድ የተለካ ይመስላል። ጎረቤቴ «ምን ዓይነት ደግ ሰው ነው ያገኘሽው?» አለችኝ። ለፖሊስ ደወልኩ፤ በረዶ መጥረግ ወንጀል አይደለም አሉኝ፣ እውነታቸውን ነው። ዶሪን ነገሩን ከሰማች ወዲህ ሳሎኔ ውስጥ ሶፋ ላይ ታድራለች። ሳቅ የሚባል ጠፍቶባታል። «ወንበር የሳብኩለት እኔ ነኝ» እያለች ራሷን ትረግማለች።

ትንሿን ልጅ አንድ ጊዜ አየኋት። ባለፈው እሁድ በእነሱ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ከእሱ ጎን ቆማ ለሚገባው ሰው የመዝሙር ወረቀት ትሰጣለች። ለእኔም ሰጠችኝ። ቀና ብላ ከጫማዬ እስከ ፀጉሬ አየችኝ፤ የካፖርቴ ቀለም ሳይቀር ሊነገረው እንደሆነ ገባኝ። አልፈረድኩባትም። ማክሰኞ ሲጠይቋት እህቴ ውሸታም ናት እንደምትል እርግጠኛ ነኝ። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ክፍል ውስጥ፣ እህትየዋን የሚያምን አንድ ሰው ቆሞ ትንሿ እንድታይ ነው የምለምንሽ።

መጣሽም አልመጣሽም እግዚአብሔር በሄድሽበት ይከተልሽ። ደጅሽ ሰላም ይሁን፣ እንቅልፍሽ አይቋረጥ፣ የሚያንኳኳብሽ ወዳጅ ብቻ ይሁን። ስትጽፊ ስለ እኔ ያለውን አታለሳልሺው፤ የሆነውን እንደሆነው ጻፊው። ይቅርታ አልጠይቅሽም፣ ገና አልደረስኩበትም። አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ፤ ለእማዬ የያዝሽውን ቂም ወደ እኔ አዙሪውና እሷ ትረፍ።

ታናሽ እህትሽ